ካርትሪጅ ሲመጣ መብራት ይሄዳል

ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሳንነግረው ያውቀዋል። የቲቢ መመርመሪያ ማሽኑ፣ ጂን ኤክስፐርቱ፣ ደህና ሲሠራ ካርትሪጅ ያልቃል። ካርትሪጅ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ከማሽኑ አራት ሞጁሎች አንዱ ከሞተ ከርሟል፣ ሌላው ኤረር ይላል፣ ማሽኑን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ሥልጠና ሄዷል። የምን ሥልጠና? የላቦራቶሪ ጥራት!

ማሽኑ ለአንድ ምርመራ 2 ሰዓት አይሞላውም። መብራታችን ግን ጨዋ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አይሄድም፣ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ነው ድርግም የሚለው። የተቋረጠ ካርትሪጅ ተመልሶ አይገባም፣ ይጣላል። ዩፒኤስ የላችሁም ወይ ትሉን ይሆናል። አለን እንጂ። ባትሪው ከሞተ ወዲህ የላቦራቶሪውን በር ደግፎ ያገለግላል። ከዚያ በወሩ ሪፖርት ላይ ጥያቄ ይመጣል፦ «ካርትሪጁ ለምን ባከነ?»

የቲቢ መድኃኒቱም ያው ነው። ለአዋቂ የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራቱን መድኃኒቶች በአንድ ክኒን፣ ቀጣዮቹን 4 ወራት ሁለቱን ነው የምንሰጠው። የአዋቂው ሲሞላ የሕፃናቱ ያልቃል። የሕፃናቱ ሲገኝ የአዋቂው ያልቃል። በየሁለት ወሩ ሞልተን የምንልከው የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ፣ አርአርኤፍ፣ ላይ የጠየቅነው ሌላ፣ የሚመጣው ሌላ። ኤክስፓየር ሊያደርግ 3 ወር የቀረው ሲሆን ግን ሳይጠየቅ፣ ሳይለመን በካርቶን ይራገፋል። ሕክምናው እኮ 6 ወር ነው! ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ሕግ እንወደዋለን፤ ግን የሚወስደው ሰው ከየት ይምጣ? ስድስት ወር አንድ ቀን ሳያቋርጡ ይዋጡ፣ አለዚያ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል ብለን የምንመክር እኛ፣ «እስቲ ሐሙስ ብቅ ይበሉ» የምንልም እኛ።

አንዳንዴም መድኃኒቱ ሞልቷል፣ ግምጃ ቤት ቁጭ ብሏል። ግን ያለ ወጪ ቅጹ፣ ያለ ሞዴል 22፣ አይወጣም። የሞዴል 22 ጥራዝ ደግሞ አልቋል። የክምችት መመዝገቢያው ቢን ካርድና መደርደሪያው ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ የሚታረቁት ሱፐርቪዥን ሊመጣ ዋዜማ ላይ ነው።

አክታውስ? አክታ ስንል ምራቅ ይመጣል። በታካሚው አንፈርድም። አየር የሚነፍስበት፣ ሰው ገለል የሚልበት የአክታ መስጫ ቦታ ነበረን፤ አሁን መኪና ይቆምበታል። ወረፋው መሀል፣ ሃምሳ ዓይን እያየው፣ ማን ከልቡ ያስላል?

ከምራቁ ስላይድ እንሠራለን። ያየነው ስላይድ ዘይቱ ተጠርጎ፣ በተርታ፣ በሳጥን ይቀመጥና ለድጋሚ ንባብ ይላካል ተብሏል። ሳጥኑ ስላልመጣ የጓንት ካርቶን ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። የጥራት ውጤታችን የሚደርሰን ታካሚው ሕክምናውን ጨርሶ፣ ወፍሮ፣ ሰላም ሊለን ሲመጣ ነው። ውጤቱም «የማቅለሚያችሁ ጥራት ይሻሻል» ይላል። እሺ ይሻሻል። ማቅለሚያውን ላኩልና!

ደግነቱ መጋቢት 15 አለ። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያበሠረበት ቀን በየዓመቱ በድምቀት ይከበራል። ባነሩ በሰዓቱ ይደርሳል። ቲሸርቱ አንድም ዓመት ስቶክ አውት ሆኖ አያውቅም። ሁሉም ኤክስ ኤል መሆኑ ብቻ ነው።