መኪናን አሸዋ ውስጥ በወጉ የመቅበር ዘዴ

በአየር የሚሠራ የዲፈረንሻል መቆለፊያ (ሎከር) አንድን ላንድክሩዘር ካርቱም ዙሪያ ባለው አሸዋ እስከ ሻንሲው ለመቅበር የሚያህለው የለም። ዕቃው የተሠራው መኪናን ለማውጣት ቢሆንም ይህን ዓላማ ማክሸፍ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ የሚከተሉትን ደንቦች በቅደም ተከተል መጠበቅ ብቻ ይበቃል።

አንደኛው ደንብ አሠራሩን አለማወቅ ነው። ተራ ዲፈረንሻል መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው እንዲፈጥን ይፈቅዳል። በዚህ ቸርነቱ የተነሣ አንዱ ጎማ መሬት መቆንጠጥ ሲያቅተው ብቻውን ይሽከረከራል፤ ሌላውም ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ሎከር ሲጨመር ግን ጋቢና ውስጥ ያለው ማብሪያ ሶሌኖይድ ቫልቩን ይከፍታል፣ የታመቀው አየር በቀጭን ቱቦ ወደ ዲፈረንሻሉ ገብቶ ፒስተን ይገፋል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጎማዎችም አንድ ላይ ይታሰራሉ። አየሩ ሲለቀቅ ስፕሪንግ ፒስተኑን ይመልሰዋል። ሎከሩ ጎማዎቹን እኩል ያሽከረክራል እንጂ መኪናውን አሸዋ ላይ አያንሳፍፍም። ይህን የተረዳ ሰው መኪና የመቅበር ተስፋው ስለሚመነምን የአምራቹን መመሪያ አለማንበብ ይመረጣል።

ሁለተኛው ደንብ ገጠማን ይመለከታል። የአየር ቱቦው ከማርሚታው አጠገብ ይዘረጋ፤ የጋለው ብረት አቅልጦ ይበሳዋል። ኮምፕሬሰሩም ጎማ የሚያስነሣው አቧራ በቀላሉ በሚያገኘው ዝቅተኛ ቦታ ይታሰር፤ የአየር ማጣሪያውም አይጸዳ። በሞቃቱ ወራት ከተማዋን የሚያጨልመው ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበልና ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት የቀረውን ሥራ ይጨርሳሉ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ደንብ የጎማ ነፋስን አለመንካት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ከተነሣው ጦርነት በፊት ዓርብ ዓርብ ብዙ የካርቱም ቤተሰብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን እየነዳ ወደ ሰባሎቃ ይወጣ ነበር፤ እዚያ ያለው ስድስተኛው የዓባይ ፏፏቴ ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ አሸዋው ዳር ሲደርስ ዐዋቂ ሹፌር መኪናውን አቁሞ 35 ፒኤስአይ አካባቢ የነበረውን ነፋስ ወደ 18 ያወርዳል። ጎማው ሲላላ ሰፋ ብሎ ይተኛል፤ የመኪናው ክብደትም በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1932 ሎከር በሌላቸው መኪኖች የሊቢያን በረሃ አቋርጦ እስከ ሱዳኗ ኤል ፋሸር ድረስ የተጓዘው በላላ ጎማና ከጎማ ሥር በሚነጠፍ የብረት ሳንቃ ነው። መኪና ለመቅበር የቆረጠ ሰው ግን የባግኖልድን ፈለግ አይከተልም፤ ጎማው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይግባ።

አራተኛው ደንብ ማብሪያውን በትክክለኛው ሰዓት አለመጫን ነው። ትክክለኛው ሰዓት ከአስቸጋሪው ቦታ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው ቆሟል ወይም እየዳኸ ነው፣ ጎማዎቹም ቀጥ ብለዋል። የቀብር ባለሙያ ግን መኪናው እስኪሰምጥ ይታገሣል፤ አንዱ ጎማ በሙሉ ፍጥነት አሸዋ ወደ ኋላ ሲበትን እግሩን ከነዳጅ ሳያነሣ ማብሪያውን ይጫናል። ከሥር ጓ የሚል ድምፅ ከተሰማ የማርሽ ጥርስ ወይም አክስል ተሰብሯል ማለት ነው። ካልተሰበረ ነዳጁ መረገጡን ይቀጥላል፤ ቀድሞ አንዱ ጎማ ብቻ ይቆፍር ነበር፣ አሁን ሁለቱ እኩል ይቆፍራሉ። ዲፈረንሻሉ አሸዋው ላይ ተኝቶ ጎማዎቹ ባዶ ሲዞሩ ቀብሩ ተፈጽሟል።

አምስተኛው ደንብ የፊት ሎከርን ይመለከታል። በተለመደው የሽቦ አዘረጋግ የፊተኛው የሚበራው ከኋለኛው ቀጥሎ ነው፤ የፊት ጎማዎች ሲታሰሩ መሪው ይከብዳል፣ መኪናውም ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ነዳጅ መርገጥ ነው፤ የፊት አክስል መገጣጠሚያዎች የሚሰበሩበት አቋራጭ መንገድ ይህ ነው። ወደ ጎን ባዘነበለ ተረተር ላይ ደግሞ ሁለቱም ጎማዎች አብረው ስለሚንሸራተቱ መኪናው በጎኑ ወደ ታች ይወርዳል። ከዝናብ በኋላ በኦምዱርማን ጭቃማ መንገዶች ላይም ይኸው ይሠራል።

ስድስተኛው ደንብ ከበረሃ ተመልሶ መቆለፊያውን አለማጥፋት ነው። አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ጎማዎቹ እየተፋተጉ ይጮኻሉ፤ ጎማም አክስልም ያልቃሉ።

የመጨረሻው ደንብ ምልክቶችን ችላ ማለት ነው። ማብሪያው እንደበራ ኮምፕሬሰሩ በየጥቂት ሰከንዱ እየተነሣ ቢጠፋ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ። ከሶሌኖይዱ መተንፈሻ የዲፈረንሻል ዘይት ቢተፋ ደግሞ ውስጥ ያለው የጎሚኒ ቀለበት አልቋል። ሁለቱንም በሬዲዮ ድምፅ መሸፈን ይቻላል፤ ሎከሩ እንቢ የሚለው በሚያስፈልግበት ቀን ስለሆነ እስከዚያው የሚያሳስብ ነገር የለም።

ቀብሩ ያልተሳካለት ሰው ቢኖር የዚህን ሁሉ ግልባጭ ሠርቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የጎማ ነፋስ ቀንሷል፣ ቀስ ብሎ ነድቷል፣ ሎከሩን ያበራው ከመስመጡ በፊት ነው፣ ያጠፋውም ጠንካራ መሬት እንደረገጠ ነው። ከእነዚህ መካከል ገንዘብ የሚጠይቀው ሎከሩ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ግን በነጻ የሚለቀቀው የጎማ ነፋስ ነው።