የጉርሻ ነገር በጠፈር
የሪድሊ ስኮት ፊልም «ኤሊየን» በ1979 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ሰው የሚያወራው ስለ ጭራቁ ነው። እኔን ግን ያስጨነቀኝ የደመወዙ ጉዳይ ነው።

የፊልሙ መርከብ ኖስትሮሞ የጦር መርከብ አይደለችም፤ የጠፈር ጎታች ናት። ማጣሪያ ፋብሪካና 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን አስከትላ ወደ ምድር ትመለሳለች። ሠራተኛዋ 7 ሰውና አንድ ድመት ብቻ። ቁጠባ እንዲህ ነው!

መካኒኮቹ ፓርከርና ብሬት ከረጅሙ እንቅልፍ ነቅተው ገና ማዕድ ላይ ሳሉ፣ «ድርሻችን አነሰ» ብለው ይነጫነጫሉ። መልሱ ከውሉ ይመጣል፦ ከሚያስብ ፍጡር የመጣ የሚመስል የጥሪ ምልክት ከተሰማ፣ ሄዶ ያላጣራ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ሠራተኞቹም ወደ ምልክቱ ምንጭ ወረዱ።

የመርከቧ ኮምፒውተር ስሙ «እናት» ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እናት ሆዬ የኩባንያውን ምስጢራዊ ትእዛዝ በሆዷ ይዛለች፦ ጭራቁ ይምጣ እንጂ ሠራተኛው ቢቀርም ይቅር።

በመጨረሻ ከሠራተኞቹ ብቻዋን የተረፈችው ሪፕሊ ጭራቁን ለማጥፋት መርከቧን ከነጭነቷ አፈንድታ ከድመቱ ጋር ታመልጣለች። ድመቱ ውል አልፈረመም፤ ከምግብ በቀር ሌላ ጉርሻም አልጠየቀም። የተረፈውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።