ክሩ ገብቷል እንበል

የትራስ ልብስ ልሰፋ ተነሣሁ። «ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የለም» ይላሉ በስልኬ የሚያስተምሩኝ እመቤት። አቡጀዲድ ገዛሁ፣ ካውያ አሞቅሁ፣ መቀስ ከወጥ ቤት ሰረቅሁ። እመቤቲቱ ጨርቁን መልካሙን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፈው ተኮሱት፤ ከዳሩ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ተዉና «እንግዲህ መስፋት ነው» ብለው መስፋት ጀመሩ። ቆይ! ክሩ መቼ ገባ?

ወደ ኋላ መለስኩት። መቀሱ አለ፣ ጨርቁ አለ፤ ቀጥሎ መርፌዋ ክር ገብቶላት ብቅ ትላለች። መሃሉን ቆርጠውታል። ሌላ አስተማሪ ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸውም ቆርጠውታል።

እኔ ክሩን በምራቄ አርሻለሁ፣ በጥርሴ በጥሻለሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አንስቻለሁ። ክሩ ግን ደጃፏ ሲደርስ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ያኮርፋል። የሐኪሙም የሰፊውም መርፌ ስማቸው አንድ የሆነው ለካ በምክንያት ነው፤ ሁለቱም ዘንድ «ቀላል ነው» የሚለው ተወጊው አይደለም።

ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ በ1846 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የፈጠራ መብት ባገኘበት የስፌት መኪና፣ የመርፌዋ ቀዳዳ ያለው ጫፏ ላይ ነው። የስፌት መኪና ዛሬም የሚሰፋው እንዲህ ባለ መርፌ ነው። ግን እኮ ቀዳዳ ከላይ ወደ ታች ለማዛወር ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ እግረ መንገዱን ትንሽ ቢያሰፋው ምን ነበረበት?

እናቴ መነጽር አልነበራትም፤ እኔ ነበርኳት። «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ያንተ ዓይን ያያል» ስትለኝ ከኳሱ እየተነጫነጭኩ እመጣለሁ፤ ክሩን በአንድ ጊዜ አሹልኬላት እሮጣለሁ። የቀረውን «ቀላሉን» እሷ ትሠራዋለች። የስድስት ልጅ ቁልፍ፣ ቅምቅማትና ጥፍ በኩራዝ ስትሰፋ ታመሻለች። ጠዋት ትምህርት ቤት «የእናት ሥራ» የሚለው መስመር ላይ «የላትም» ብዬ የሞላሁት ያንኑ ሱሪ ለብሼ ነው። ቀላል ማለት ሌላ ሰው የሚሠራው ማለት ነበር! ትራሱስ ይቅር፤ ያንን ቅጽ ማን ይጥፈው?

በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ጠራሁ። «አምጡት ጋሼ» አለና ማስቲካውን ማኘክ እንኳ ሳያቋርጥ አሹልኮት ሮጠ።

እናቴ እኛ ሳንተኛ ክር የገባላት መርፌ መጋረጃው ላይ ሰክታ ታስቀምጥ ነበር። እኔም ሰካኋት። ትራሱን ለጊዜው በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ፤ ማታ ማታ ጆሮዬን ትነካካኛለች። መስፋቱንስ ልሰፋው ነበር፤ ግን ክሩ ያለው ክንድ ተኩል ብቻ ነው፣ ድንገት ቢያልቅስ? ልጁ ደግሞ ሰኞ ፈተና አለበት።