የአውቶቡስ ተራራ፦ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ተማሪዎች የእንጦጦ ጉብኝት ላይ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ልጅ እንጦጦን የሚያውቀው መራመድ ሳይጀምር ነው። እዚያው ሠፈር ጉራራ ላይ ደጁ ቆሞ ቀና ካለ ተራራው ፊቱ ተደቅኗል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ተራራው ራሱ ጎርፍ ሆኖ ግቢው ድረስ ይመጣል። ልጁ ኳስ ሊጫወት፣ ጭራሮ ሊለቅም ወይም ከእናቱ ጋር ጸበል ሊጠመቅ ሽቅብ ሲወጣ ያደገ ነው። ይህ ሁሉ ግን ጉብኝት አይባልም። የጥናታችን ትኩረት ያው ልጅ ያንኑ ተራራ በዓመት አንድ ቀን ከፍሎ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ «የባህልና የታሪክ ጉብኝት» ይባላል፤ በተማሪው አፍ «ትሪፕ»።

ጥናት ያለ ንጽጽር አያምርምና ዓለም አቀፉን ልምድ እናስቀድም። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ባህል ለማየት ወደ አንዲስ ተራሮች ይጓዛሉ። የፔሩዋ ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እንግዳው ገና ሲያርፍ ራሱን ያዞረዋል፤ የኮካ ቅጠል ሻይ ይሰጡታል። ከዚያ ማቹ ፒቹን አይቶ፣ እያለከለከ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሲያወራው የሚኖረውን ነገር ይዞ ይመለሳል። ማቹ ፒቹ ያለበት ከፍታ 2,430 ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አገር እዚያ ከፍታ ላይ ያለው የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ሰልፈኛውም ሲያለከልክ አይታይም፣ ቢያለከልክም ከንዴት ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እዚህ አየር ላይ ሲሮጥ ኖሯል። ተማሪው ግን ከአውቶቡሱ ደረጃ ወርዶ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ «ቲቸር፣ እረፍት የለም?» ይላል።

ሁለቱ ተራሮች የሚገናኙበትም ነገር አላቸው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ ሁለቱንም ወርሷል። ወደ እኛ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ያኔ ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ከተማው ራሱ ሊነሣ አዲስ ዓለም ወደምትባለው ቦታ ዓይን ተጥሎ ነበር። ስለዚህ ፔሩ ዳገት ላይ የተነሡት ፎቶና እንጦጦ ላይ የተነሡት ፎቶ ከጀርባው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ቤተሰብ ይህን ቢያስብበት አይከፋም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ ጉዞው የሚጀምረው በወረቀት ነው። ቅጹ ወላጅ ልጁ «እንጦጦ ሄዶ እንዲመለስ» መፍቀዱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ ከሥር በደቃቅ ፊደል ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ የማይሆንባቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። ቅጹን የምትፈርመው እናት ባለፈው እሑድ ይህንኑ ልጅ በባዶ ሆዱ፣ ጀሪካን አስይዛ፣ ብቻውን ለጸበል የላከችው ናት። ያኔ ፊርማ የጠየቃት የለም።

መነሻው ጧት 1 ሰዓት ይባላል፤ 3 ሰዓት ላይ ይነሣሉ። አውቶቡሱ ለተራራው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ በ6 ኪሎ ይዞራል፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ ቀሚስና ጋቢ በተሰቀለባቸው ሱቆች መካከል መኪና ተዘጋግቶበት ይቆማል፤ ከዚያ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ይያያዘዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ዘፈን አለ። ወንበሩ ከበሮ ይሆናል፤ አስጨፋሪዋ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ናት። የዘፈኑ ይዘት ሹፌሩ እንዲፈጥን መለመን ሲሆን፣ ዩኒት ሊደሩ ከፊት ሆነው ቀስ እንዲል ያዙታል። ሹፌሩ ሁለቱንም አይሰማም። ኋላ ወንበር ላይ ፌስታል ይዞ ዓይኑን የጨፈነ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ለእሱ እንጦጦ ምንጊዜም የፌስታል ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

እንጦጦ ማርያም ይደረሳል። ምኒልክ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ታች ከፍልውኃው አጠገብ የተቆረቆረችው ግን 1879 ላይ ነው። ልብ በሉ፦ ከተማው ታች እያለ ሥርዓቱ ከላይ ተራራው ላይ ተፈጸመ። አጥኚው «ለሥርዓት መውጣት፣ በልቶ መውረድ» የሚለው የትምህርት ቤቶቻችን ልማድ ምንጩ ይኸው ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ቤተ መንግሥቱ። ንጉሠ ነገሥቱ የኖሩበት ቤት በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ሣር የተከደነ ነው። እዚህ ላይ የጥናቱ ዋና ግኝት ይገኛል። ግማሹ ተማሪ የተነሣው ከጭቃ ቤት ነው። ጉራራ ያለው ጭቃ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር የሚለሰን፣ ፍሳሹ የሚያስመርር፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠበቅበት ነው፤ እዚህ ያለው ጭቃ ቤት በትኬት ይገባበታል። አንድ ልጅ ግድግዳውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ጭዱ ከእኛው ይበልጣል» ሲል አስጎብኚው እጁን መቱት። አስተያየቱ ሙያዊ ነበር፤ ማስታወሻ የያዘለት ግን አልነበረም።

ሙዚየሙ ውስጥ የማዕረግ አልባሳትና ንዋየ ቅድሳት አሉ፤ መስተዋቱ ፀጉር ለማስተካከልም ያገለግላል። ከዚያ ወደ ኮከብ መመልከቻው። እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፣ ትምህርት ቤቱም ኮከብ ለማሳየት ተማሪዎቹን የሚያመጣው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። ተማሪዎቹ የተዘጋውን ጉልላት ዞረው አዩት። ፀሐይም ኮከብ ናት በማለት ዕቅዱ ተሳክቷል ብሎ መመዝገብ ይቻላል።

ምሳ። እዚህ ላይ አጥኚው ረጅም ጊዜ መቆየቱን አይደብቅም። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ድንች በዳቦ፣ ድንች ጥብስ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ፣ በጎን ቃሪያ። ድንችን ከዱር ወደ ማሳ ያመጡት የአንዲስ ገበሬዎች ናቸው፤ ወደ እኛ አገር ያስገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ቃሪያውም ዘሩ ከአሜሪካ ነው። ዕለቱን ሙሉ ከባህር ማዶ ባህል ጋር የተገናኙት በዚህች ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱም «ማነው ሚጥሚጣ የያዘ?» በሚል ጩኸት ታለፈ።

ከምሳ በኋላ በሰልፍ ወደ እንጦጦ ፓርክ ሲሄዱ፣ ቁመታቸውን እጥፍ የሚሆን የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ያዘሉ እናት ከጫካው ወጡ። ሸክሙ በገመድ ደረታቸው ላይ ታስሯል፣ ወገባቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ከፈረንሳይ፣ እማማ።»

«እኔስ ከየት ሆንኩና! በምን መጣችሁ?»

«በአውቶቡስ።»

እናት ቀና ሊሉ ሞከሩ፣ ሸክሙ አልፈቀደላቸውም። «ምነው፣ አሟችኋል እንዴ?»

መልስ የሰጠ የለም። ልጆቹ የያዙት ወረቀት «ቅርሱ»፣ «ዘመኑ»፣ «ጥቅሙ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት። እናት ከሦስቱ በአንዱም ስላልገቡ ሳይመዘገቡ ቁልቁል ሄዱ፤ አውቶቡሱ ሽሮ ሜዳ ላይ ተዘግቶበት ሳለ ቤታቸው እንደገቡ መገመት ይቻላል።

ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን ባህልን በተመለከተ ከሁሉም ቦታ በላይ የተማሪውን ትኩረት የሳበ ነው። በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት አለ፣ ፈረስ አለ፣ ዋጋውን ያየ ልጅ የሚያሳየው ፊትም አለ።

በማግሥቱ ሪፖርት ይጻፋል። ሁሉም «እንጦጦ በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኝ ታሪካዊ ተራራ ነው» ብለው ይጀምራሉ፣ «ጉዞው እጅግ አስደሳችና አስተማሪ ነበር» ብለው ይደመድማሉ። ባለ ፌስታሉም እንዲሁ።

አንድ ጉዳይ ብቻ ይቀራል። ከክፍሉ አንድ ልጅ ገንዘቡ ስላልሞላለት አልተመዘገበም ነበር። በዚያ ቀን ጧት ከሠፈር ጓደኞቹ ጋር በጫካው አቋርጦ ወጥቶ አውቶቡሱን እንጦጦ ማርያም በር ላይ ቆሞ ተቀበለው፣ የመምህሩንም ቦርሳ ያዘላቸው። ቀኑን ሙሉ አብሮ ዋለ፤ የትኛው ጥድ የትኛው ወይራ እንደሆነ ለሌሎቹ የነገራቸውም እሱ ነው። በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ተብሎ ተይዟል። ሪፖርቱን ከጓደኛው ገልብጦ እንዲያስገባ ሆምሩም መምህሩ ነግረውታል።