ማለክለክም መዝናኛ ሆነ!

አይ ዘንድሮ! ከመካነ ሰላም ተነስቶ ደንቆሮ ጫካ ድረስ ሄዶ ማለክለክ መዝናናት ሆነላችሁ! የልጅ ልጄ ሰሞኑን የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና «አባባ፣ ተራራ ልንወጣ ነው» አለኝ። «ምን ጠፍቶባችሁ?» አልኩት። «ምንም፤ ለመዝናናት ነው» አለ። በእኛ ጊዜ ተራራ የሚወጣው ከብት የጠፋበት፣ ማገዶ ያለቀበት፣ ወይም ለቤቱ ክዳን ጓሳ የሚያጭድ ነበር። ምንም ሳይጠፋበት ሽቅብ የሚንጠላጠል ሰው ከታየ፣ ወይ ጠበል ወይ ሼኹ ዘንድ ይወሰድ ነበር።

መሬቱስ ቢሆን መች ለመዝናኛ ተፈጠረ? ከ1,900 ሜትር ግድም ተነስቶ እስከ 3,700 ይደርሳል። ታች ላብ ያጠምቅሃል፤ ላይ ውርጩ ጥርስህን ያንቀጫቅጨዋል። ገደሉን ጨረስኩ ስትል ሜዳ ያሳይህና፣ እፎይ ከማለትህ ሌላ ገደል ይገተርብሃል። ከልጆቹ አንዱ ሊያስተምረኝ ቃጣው፦ «ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ እየፈሰሰ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ የረጋ ባዛልት ነው፤ ደረጃ የሠራውም ለዚህ ነው።» «ደረጃ ከሆነ መደገፊያውን ማን በላው?» አልኩት። ዝም አለ።

ጫካው በ2001 ዓ.ም. ፓርክ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የዚያ አገር ፍጥረት ሁሉ ባለማዕረግ ሆኗል። ከእኛ ወገን ግን ማንም አልተሾመም። ጭላዳ ቀን ሣሩን ሲግጥ ውሎ ማታ ገደል አፋፍ ላይ ያድራል፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም ስለሌለ የሚያዩት እያጎነበሱ ነው። ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያሳድድ ውሎ፣ በዓለም የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው ተብሎ ድምፅ እንኳ አይሰማበትም። እኔ በረንዳዬ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ግን ሬዲዮ ይከፈትብኛል። ጅብራስ ብትሆን? በዕድሜዋ አንዴ አብባ የምትደርቅ ናት፤ ተሰልፈው ፎቶ ያነሷታል። እኔ ባበብኩ ጊዜ ካሜራ የያዘ ሰው በአገሩ አልነበረም!

ማታ ልጁ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ገባ። እሰይ፣ ልብ ገዛ ብዬ ቡና ሳስቀርብለት «አባባ፣ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም» አይለኝ መሰላችሁ! እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ወጣትነቴን ሙሉ በዚያ ዳገት የእንጨት ሸክም ስጎትት ስዝናና ኖሬያለሁ ማለት ነው። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ ትንሽም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።