«ይችለዋል ወይ?»፦ ለአንድ ምርመራ የቀረበ ውዳሴ

በጅቡቲ ከተማ፣ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ፣ ከባድ የቪዲዮ ጌም በወጣ ቁጥር ከመጫወት የሚቀድም አንድ የተከበረ ተግባር አለ፤ እርሱም ኮምፒውተሩ ጌሙን «ይችለዋል ወይ?» ብሎ መመርመር ነው። መርማሪው የአምራቹን ሠንጠረዥ ከፊቱ ዘርግቶ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ምስሉን የሚሥለውን ግራፊክስ ካርድ «ዝቅተኛ» እና «የሚመከር» ከሚሉት ሁለት ዓምዶች ጋር ያመሳክራል። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ክራይሲስ የዘመኑን ኮምፒውተሮች ካንበረከከ ወዲህ እየጎለመሰ መጥቶ፣ ዛሬ ከመጫወቱ ይልቅ መመርመሩ የሚጥማቸውን ሊቃውንት አፍርቷልና ይደግ ይመንደግ ሊባል ይገባዋል።

የአምራቾቹም ቸርነት አይዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሞንስተር ሃንተር ዋይልድስ በሚመከረው ዓምድ በሰከንድ 60 ምስል እንደሚገኝ ቃል ሲገባ፣ ይህ የሚሆነው ማሽኑ በእውነተኞቹ ምስሎች መካከል ራሱ ገምቶ የሠራቸውን እየሰካ ከሆነ መሆኑን በትሕትና አክሏል። ብላክ ሚዝ ውኮንግ ደግሞ 130 ጊጋባይት ቦታ ብቻ ነው የጠየቀው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ሠንጠረዡ ስለ አየሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ ነው። ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ አቧራ እየነዳ በሚገባበት፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሐምሌ ወር፣ የከተማዋ ሰፈር በሆነው ባልባላ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ ፈተናውን ያለፈው ማሽን እንዳያፍር ኤሲ ይከፈትለታል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ መብራት ስለምትገዛ፣ ከደጋ የወረደ ውኃ ተርባይን አዙሮ፣ በረሃውን በሽቦ አቋርጦ ግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል፤ ያንን ሙቀት ወደ ጎረቤት መስኮት ለማባረር ደግሞ ሌላ ውኃ ይወርዳል። ይህን ብክነት ለማስቀረት አቅም ያላቸው ቤተሰቦች በሙቀቱ ወራት ወደ አርታ ኮረብታ እንደሚወጡ ሁሉ ኮምፒውተሩም ቢወጣ ይበጃል፤ አርታም ካልበቃችው ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ፣ በድሬዳዋ አልፎ አዲስ አበባ ይግባና ከዚያ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይሸኝ፤ ባቡሩ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ማሽኑ ሽቅብ ሲጓዝ ቁልቁል ከሚመጣለት መብራት ጋር መንገድ ላይ ይገናኛል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በብርዱ መካከል፣ ጋቢ ደርቦም ቢሆን «የሚመከር» የተባለውን ማዕረግ ሳያፍር ይሸከማል።

ሠንጠረዡን የሚጽፈው ሻጩ ነው፤ ለባልባላ ሐምሌ የሚሆን አንድም ረድፍ የለውም። ጌሙ ሲንገዳገድ ግን ገዢው አምራቹን ትቶ ማሽኑንና የገዛ ኪሱን ይወቅሳል፤ ይህ ጅልነት ነው፣ በየዓመቱም ይደገማል።

ደብረ ብርሃን የገባው ኮምፒውተር ባለቤቱ ጅቡቲ እንደቀረ በኢንተርኔት ሊጫወትበት ይችላል የሚል ብልህ አይጠፋም፤ ጅቡቲ በርካታ የባሕር ሥር ኬብሎች የሚያርፉባት ስለሆነች ሐሳቡ አይናቅም፤ ብቻ አስቀድሞ መስመሩ ይችለው እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል፣ ለእርሱም ሠንጠረዥ አለ።