ሰባቱ ምድጃዎችና የማይበርደው ረመጥ

ተረት ተረት። የላም በረት።

በሰሜን ባሕር ዳር፣ ቤልጅግ በምትባል ትንሽ አገር፣ አንበሶችና አውራ ዶሮዎች አብረው ይኖሩ ነበር። አንበሶቹ በሼልት ወንዝ ዳር፣ ዶሮዎቹ በሜዝ ወንዝ ዳር ሰፍረዋል። ቋንቋቸው ለየቅል ነው። አንድ ጊዜ የጋራ ሹማምንት ለመሰየም ተቀምጠው 541 ቀን ፈጀባቸው፤ እማማ ኤሊ በየማታው አንዳንድ ጠጠር እያስቀመጠች ቆጥራዋለች። ብርዱና ጨለማው ግን የሁሉም ነበር።

ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1975 እስከ 1985 ሰባት ታላላቅ ምድጃዎች ለኮሱ፤ አራቱን በአንበሶቹ ወንዝ፣ ሦስቱን በዶሮዎቹ ወንዝ ዳር። ምድጃዎቹ እንጨት አይበሉም፤ ጭስም የላቸውም። የሚነድባቸው ከባድ ድንጋይ ነው፤ ጥቂቱ ድንጋይ የከሰል ተራራ ይተካል። የአገሩ ግማሽ መብራት ከእነሱ ይመጣ ጀመር። ውሎ አድሮ ምድጃዎቹ ድንበር ማዶ በሚኖር ባለጸጋ ዝሆን እጅ ገቡ።

እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል። የእነዚህ ምድጃዎች እሳት ግን የወለደው ረመጥ ነበር። የቀረበውን ይገድላል፤ በሰው ዕድሜም አይበርድም።

«እኔ ቦታ ልፈልግለት» አለ ፍልፈል። በ1980 ሞል በምትባል መንደር መቆፈር ጀመረ፤ 225 ሜትር ወርዶም የሸክላውን አፈር እየቀመሰ ይመረምር ገባ። «ስትወስኑ ጥሩኝ» ብሎ ነበር የወረደው።

በ1986 ቼርኖቤል በሚባል ሩቅ ስፍራ አንድ ምድጃ ፈነዳ። ፍርሃት በየጎጆው ገባ። በ2003 ሸንጎው አዋጅ አወጣ፦ «ማንኛውም ምድጃ 40 ዓመት ሲሞላው ይጥፋ፤ አዲስም አይሠራ።»

እማማ ኤሊ ተነሣች። «ልጆቼ፣ ከዚያ በኋላ በምን እንሞቃለን?»

«እማማ፣ የመጀመሪያዎቹ 40 እስኪሞላቸው ገና 12 ዓመት አለ። እስከዚያ ይታሰብበታል» አሏትና ወደየቤታቸው ሄዱ። ባሕሩ ላይ የነፋስ መዘውር የተከሉ ነበሩ፤ ሰባት ምድጃ የሚተካ ግን አልሆነም።

በ2012 ከየወንዙ አንዳንድ ምድጃ ሲፈተሽ በድስቶቹ ብረት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ስንጥቅ ተገኘ። ቀጥቃጮቹ ተጠሩ። «ብረቱ ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ነው» አሉ። ምድጃዎቹ ጠፉ፣ ተለኮሱ። ደግሞ ጠፉ፣ ደግሞ ተለኮሱ።

በ2014 በአንበሶቹ ወንዝ ዳር የአንዱን ምድጃ መዘውር ዘይት አንድ እጅ ከፍቶ ለቀቀው። መዘውሩ ያለ ዘይት ዞሮ ተበላሸ፤ ምድጃው ለወራት ቆመ። ያ እጅ ተፈለገ። የማን እንደሆነ አልታወቀም።

በ2015 ሦስቱ አንጋፋ ምድጃዎች 40 ሞላቸው። ሸንጎው ቢያይ ምትክ የለም። «እንግዲያው 50 ይሁንላቸው» አለ።

በ2017 ከድንበሩ ማዶ፣ አኸን በምትባል ከተማ የሚኖሩ ንስሮች የተሰነጠቀውን ምድጃ አስበው እንቅልፍ አጡ። ለየቤተሰቡም ኪኒን አደሉ። «ክፉ ነፋስ ከነፈሰ ዋጡት፤ መርዙ አንገታችሁ ውስጥ ማረፊያ አያገኝም» አሉ። ጫጩቶቹ ኪኒኑን በራስጌያቸው አድርገው ተኙ።

በ2022 በምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ የማገዶ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ሸንጎው በመጋቢት ተሰብስቦ «ሁለቱ ታናናሽ ምድጃዎች 10 ዓመት ይጨመርላቸው» አለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ስንጥቅ ከተገኘባቸው ሁለቱ አንዱ ጠፋ፤ በማግሥቱ ዓመት ጥር ሁለተኛው ተከተለ።

ዝሆኑ ተጠራ። «አያ ዝሆን፣ ሁለቱን አንድድልን» አሉት።

«እኔ እኮ ለማጥፋት ነበር የተሰናዳሁት። ካላችሁ ግን ረመጡን ተረከቡኝ» አለ። 15 ቢሊዮን ዩሮ ሊከፍል ተዋዋለ። ረመጡ የአገሩ ልጆች ዕዳ ሆነ።

በ2025 ግንቦት ሸንጎው የ2003ቱን አዋጅ ቀደደ። «ምድጃ ይንደድ፤ አዲስም ይሠራ» አለ። ሦስቱ አንጋፋ ምድጃዎች በዚያው ዓመት አንድ በአንድ ጠፉ። ከሰባቱ ሁለት ቀሩ።

ብርዱ ሲገባ ፍልፈል እግሩ በሸክላ እንደተለወሰ ሸንጎው ፊት ቀረበ። ጺሙ ሸብቷል።

«ቦታው ተወሰነ?»

«በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር ወስነናል፤ አያ ፍልፈል። የት እንደሆነ ግን ገና ነው።»

«ስንት ዘመን ነው የምጠብቀው?»

እማማ ኤሊ አሰላች። «መቶ ሺህ ዓመት። ከዚያም ያልፋል።»

ፍልፈል ከወለሉ ላይ የተቀደደውን አዋጅ አነሣ። «ይሄስ ስንት ዓመት ኖረ?»

«22.»

ወረቀቱን አጣጥፎ መልሶ አስቀመጠው። «መልካም። ከኋላዬ የሚመጣ እንዳይሳሳት፣ በሩ ላይ ‹አትክፈቱ› ብዬ ልቅረጽበት። በየትኛው ቋንቋ ይሁን?»

አንበሶቹም ዶሮዎቹም ባንድ ጊዜ ተነሥተው መናገር ጀመሩ። ጸሐይ ጠለቀች፤ አልጨረሱም። እማማ ኤሊ ጎንበስ አለችና አንድ ጠጠር አንሥታ አስቀመጠች።